ቁርጥማት የያዘው እጅ ቆርቆሮ እንዴት ይከፍታል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በበጋው ወራት ሌሊቱን ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ለረጅም ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የጣቶቼን መገጣጠሚያ ቁርጥማት ያዘው። ብዕር ለመያዝና በር ለመቆለፍ አልተቸገርሁም፤ የማር ብልቃጥ መክፈት፣ የሳርዲን ቀለበት መሳብና የዘይት ጀሪካን መፈልቀቅ ግን የየዕለት ትግል ሆነብኝ። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ምግብ ማብሰል እንዳያደክመኝ በማለት የታሸገ ምግብ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ምግቡ በመደርደሪያው ላይ ተሰልፎ እያለ እኔ የሚከፍትልኝ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ እጠብቅ ነበር። ልጁ «ጋሼ፣ ልክፈትልዎት?» ሲል ደስ ቢያሰኝም፣ ምሳ ለመብላት የሰው እጅ መጠበቅ የሚመች ነገር አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን እሽግ ይዤ ከመታገሌ በፊት አንድ ጥያቄ ማስቀደም ጀመርሁ፦ ይህን ክዳን የያዘው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የመረመርሁት የማርማላታና የቲማቲም ስጎ ብልቃጥ ነው። እነዚህ ምግቦች ትኩስ እንዳሉ ወደ ብልቃጥ ገብተው ይከደናሉ፤ ሲቀዘቅዙ ከምግቡ በላይ የነበረው እንፋሎት ወደ ውኃነት ስለሚመለስ የውስጡ ግፊት ይወርዳል፣ የውጭው አየርም ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ወርዱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን 28 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ብልቃጡ ውስጥ ምንም አየር የለም ብንል፣ በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ይህን ክዳን የ29 ኪሎ ክብደት ያህል ይጫነዋል። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ክዳን የሚሸከመው ከ20 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። በተግባር ብልቃጡ ፍጹም ባዶ ስለማይሆን ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል፤ ያም ሆኖ ከፍታው ለእኛ ለደጋዎቹ እንደሚያደላ ግልጽ ነው። ይህን ስሌት ለልጆቼ ባስረዳኋቸው ጊዜ ትንሿ ልጄ «ታዲያ አባባ፣ ምነው አልከፈቱትም?» አለችኝ።

መልሱ አየሩን በጉልበት ከመታገል ይልቅ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። የሾርባ ማንኪያ ጫፍ በክዳኑ ከንፈርና በብልቃጡ አንገት መካከል አስገብቼ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ እፈለቅቃለሁ። አንዱ ቦታ እንቢ ካለኝ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ እሞክራለሁ። ክዳኑ በአንድ በኩል የፀጉር ያህል ከተነሣ አየሩ ይገባል፣ በክዳኑ መካከል ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለችው ክብ ምልክትም «ጠቅ» ብላ ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ የሕፃን እጅም ያዞረዋል። ለዚህ ሥራ ቢላዋ አልጠቀምም፤ ቢላዋ የሚንሸራተተው ወደ እጅ ነው፣ የብልቃጡንም አንገት ሊሸርፈውና ስባሪው ምግቡ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ክዳኑ አየር ገብቶለትም ከእጄ የሚያዳልጥ ከሆነ ደግሞ ከጎሚስታ ያገኘሁትን፣ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ እጠቀልልበታለሁ። ጎሚስታው ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ለምን እንደፈለግሁት ስነግረው ግን ለእናቱም አንድ ቆረጠላት።

ማር ከዚህ ይለያል። የማር ክዳን የሚጣበቀው በጥምዝምዙ መካከል የገባው ማር በብርዱ ሲረጋና ሲደርቅ ስለሆነ ማንኪያ አይረዳም። ብልቃጡን ዘቅዝቄ ክዳኑ ብቻ እስኪሸፈን ድረስ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ሙቀቱ ማሩን ያላላዋል፤ ቆርቆሮም ሲሞቅ ከጠርሙስ ይበልጥ ስለሚሰፋ ክዳኑ ይለቃል። እዚህ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ቢሆንም ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል፣ ማሩም ይባክናል።

ወደ ቆርቆሮው ስንመጣ ነገሩ ጠንከር ይላል። በከተማችን የቢራ ፋብሪካዎች አሉና የጠርሙስ መክፈቻ የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ የቆርቆሮ መክፈቻ ግን ለመዋስ ብዙ ደጅ ያስጠናል። የተለመደው ዘዴ የቢላዋውን ጫፍ በቆርቆሮው ላይ አቁሞ እጀታውን በዘነዘና መምታት ነው። በነገራችን ላይ ይህ የእኛ ድህነት የወለደው ዘዴ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የቆርቆሮ ማሸጊያ የባለቤትነት መብት የተመዘገበው በ1810 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ አሜሪካዊው ኤዝራ ዋርነር የቆርቆሮ መክፈቻ ያስመዘገበው በ1858 ነው። በመካከሉ ባሉት 48 ዓመታት ሰው ቆርቆሮውን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ በመሮና በመዶሻ ነበር። እየተሽከረከረ የሚቆርጠው ምላጭ የመጣው ደግሞ በ1870 ነው። እንግዲህ ዛሬ በዘነዘና የሚደበድብ ሰው ከዘመኑ ብዙ ቢዘገይም ብቻውን አይደለም። እኔ ግን ዘዴውን የማልወደው ስለ ጣቴ ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህ መንገድ የተከፈተ ቆርቆሮ ከንፈሩ እንደ መጋዝ ይሆናል፤ በእኛ ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ምግቡ ሲያልቅ አይጣልም፣ ጣሳ ሆኖ እህል ይሰፍራል፣ ውኃ ይቀዳል።

ስለዚህ ባለሁለት እጀታ፣ ባለ መዞሪያ መክፈቻ ገዛሁ። በሱቁ ውስጥ የመረመርሁት ሁለት ነገር ነው፤ የሚቆርጠው ክብ ምላጭ እንዳይወላወልና ከሥሩ ያለው ባለ ጥርስ መዘውር ጥርሱ የጎላ እንዲሆን። የቆርቆሮው ክዳንና አካል ጠርዛቸው አብሮ ታጥፎ የተቆለፈ ስለሆነ፣ መዘውሩ ያንን እጥፋት ከሥር ነክሶ ካልያዘ ምላጩ አንድ ጊዜ ቆርጦ አንድ ጊዜ ይዘላል፤ ሰው «መክፈቻው ደነዘ» የሚለውም ብዙ ጊዜ ምላጩ ሳይሆን ይህ ጥርስ ሲያልቅ ነው። እጀታዎቹን በጣቶቼ ከመጭመቅ ይልቅ በመዳፌ እጫናቸዋለሁ፤ ቆርቆሮውንም እንዳይሸሽ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አቆመዋለሁ።

የቀረው ችግር መዞሪያው ነበር፤ አጭር በመሆኑ ሸክሙን ሁሉ በአውራ ጣቴ ላይ ይጥለዋል። ማንሻ በረዘመ ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት እንደሚቀንስ ለስንቱ ተማሪ አስተምሬያለሁና መክፈቻውን ወደ ብየዳ ቤት ወሰድሁት። በያጁ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ በመዞሪያው ግራና ቀኝ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ በየደልኝ፤ ጫፎቹንም በሞረድ አለሰለሰልኝ። አሁን የማዞረው በጣት ሳይሆን በሙሉ እጄ ነው። ዘንጉ ከአጭር ቆርቆሮ ጋር ሲሆን ጠረጴዛውን ስለሚመታ፣ የቱና ቆርቆሮ ስከፍት ቆርቆሮውን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አስጠግቼ ዘንጉ በአየር ላይ እንዲዞር አደርጋለሁ። ዙሪያውንም ሙሉ በሙሉ አልቆርጥም፤ የጣት ስፋት ያህል ሳይቆረጥ ከተውሁት ክዳኑ ወደ ምግቡ አይሰምጥም፣ በማንኪያ ቀና አድርጌ አጥፈዋለሁ።

መክፈቻ በሌለበት ቦታ የሚሠራ ሌላ መንገድም አለ። ቆርቆሮውን ገልብጦ ሻካራ በሆነ የሲሚንቶ ደረጃ ወይም ድንጋይ ላይ እየተጫኑ ማሸት ነው፤ የታጠፈው ጠርዝ እየሳሳ ሄዶ እርጥበት ብቅ ሲል ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ጠርዙን በደንብ ጠርጎ ጎኑን መጫን ነው። ድካሙ በክንድ ላይ እንጂ በጣት ላይ ስላልሆነ ለእንደኔ ያለ ሰው ይቻላል፤ ነገር ግን የድንጋይና የብረት ብናኝ ወደ ምግቡ እንዳይገባ መጠንቀቅ ስለሚጠይቅ ካልቸገረኝ አላደርገውም።

ቀለበት ያለው ሳርዲን ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ በኃይል ሲስብ ቀለበቱ ተነቅሎ ይቀራል። በመጀመሪያ የማንኪያ እጀታ ከቀለበቱ ሥር አስገብቼ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አነሣዋለሁ፤ ያን ጊዜ የቀለበቱ አፍንጫ ክዳኑን በሳሳው መስመር ላይ ይሰብረዋል። ቀጥሎ እጀታውን በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ አሳልፌ በሁለት እጄ ወደ ኋላ እጠቀልለዋለሁ። ዘይቱ እንዳይረጭ መጨረሻ ላይ ዝግ ማለት ነው። ቀለበቱ የተነቀለ እንደሆነ ከላይ በኩል ያው መክፈቻ ይሠራል፤ ጠፍጣፋው የሳርዲን ቆርቆሮ ከታች በኩል ብዙ ጊዜ መዘውሩ የሚነክሰው ጠርዝ ስለሌለው ገልብጦ መታገል ትርፍ የለውም።

በዘይት ጀሪካን አፍ ውስጥ ያለችውን የፕላስቲክ ቀለበት በፒንሳ እስባታለሁ። የብስኩትና የቡና ላስቲክን በመቀስ እቆርጣለሁ፤ መቀሱ ከወጥ ቤቱ እንዳይወጣ በሲባጎ አስሬዋለሁ።

የስኳርና የዱቄት ማዳበሪያ ግን ጥቂት ቃል ይገባዋል። አፉ በማሽን የተሰፋው በሰንሰለት ስፌት ነው፤ በአንዱ ፊት ነጠላ መስመር፣ በሌላው ፊት እርስ በርሱ የተቆላለፈ ሰንሰለት ይታያል። ይህ ስፌት የሚፈታው ከጨረሰበት ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ቆርጬ ክሩን ሳብ አደርጋለሁ፤ ከቋጠረ ሳልታገለው ወደ ሌላው ጫፍ እሻገራለሁ። ትክክለኛው ጫፍ ሲገኝ ክሩ ከዳር እስከ ዳር «ትርርር» እያለ ይወጣል፣ ማዳበሪያውም ሳይቀደድ ለሌላ እህል ይተርፋል። ይህን ያየች ጎረቤቴ ባልዋ ማዳበሪያውን ሁሉ በካራ እየተረተረ እንደጨረሰባት ነግራኝ፣ ጠርታው እንዳሳየው አደረገች።

በመጨረሻ፣ ጨርሶ የማልከፍተው ቆርቆሮ አለ። ከቆላው ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ የጣርማ በርን አቀበት ወጥቶ የሚመጣ የድንች ጥብስ ላስቲክ እዚህ ሲደርስ እንደ ኳስ ይነፋል፤ ውስጡ ያለው አየር የቆላውን ግፊት እንደያዘ ስለመጣ ነው እንጂ ምግቡ አልተበላሸም። የቆርቆሮ ክዳን ወይም ሥር ሲነፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ተሕዋስያን እየተባዙ ጋዝ እንደሚሠሩ ያመለክታል፤ ከእነርሱም አንዱ ነርቭን የሚያሽመደምድ ቦቱሊዝም የተባለ መመረዝ ያስከትላል፣ መርዙም በማሽተት ወይም በመቅመስ ላይታወቅ ይችላል። ልጆቼ ካመጡልኝ መካከል እንዲህ ያለ ሲገኝ፣ ወይም ሲበሱት ፈሳሹን የሚተፋ ሲሆን፣ «ትንሽ ልቅመሰው» አልልም፤ ውሻ እንዳያገኘው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬና ቋጥሬ ከቆሻሻው ጋር አስወጣዋለሁ፣ እጄንም በሳሙና እታጠባለሁ።