ከሐረር ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጀጎልን ለማየት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሐረር የሚመጡ እንግዶች አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ የበረራው ርዝመት ነው። ሐረር የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት፣ እኛም ሆንን እንግዶቻችን የምንገለገለው በድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ከቦሌ እስከ ድሬዳዋ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ግን ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ በአዳማ በኩል ወደ አዋሽ ከወረደ በኋላ በሚኤሶ አልፎ፣ የጨርጨርን ተራሮች እየተጠማዘዘ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርናና በቁልቢ ስለሚዞር ነው።

ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ያካፈለ ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ያገኛል፤ ቲኬቱ ላይ የሚያየው ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ይህ ልዩነት ብዙዎችን ያደናግራል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። የቲኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው፤ በቦሌ ወደ መንደርደሪያው የሚደረገው ጉዞና ተራ መጠበቁም በዚያው ውስጥ ይገባል። በእንዲህ ያለ አጭር በረራ ደግሞ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ የሚጓዘው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወጥቶ ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ የድሬዳዋው ማረፊያ ከ1,200 ሜትር በታች ስለሆነ፣ ወደዚያ ሲሄድ የሚወርደው ከፍታም ይበዛል። መንደርደሪያው ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ በመሆኑም ከምዕራብ የመጣው አውሮፕላን ታጥፎ መስመሩን ማስተካከል አለበት።

ለሐረር ሰው ግን ዋናው ሒሳብ ከበረራው በፊት ያለው ነው። ሚኒባሱ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ የአዲስ አበባውን መንገድ በግራ ትቶ ቁልቁለቱን ይያያዘዋል፤ ከባድ መኪና ከፊት ከገጠመው በእነዚያ ኩርባዎች ላይ መቅደም አይቻልም፣ መሞከርም አይገባም። ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ለሚበልጠው ለዚህ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ መያዝ ያስፈልጋል። ለፍተሻና ለሻንጣ ሁለት ሰዓት፣ ለበረራው አንድ ሰዓት፣ ከቦሌ ለመውጣት የሚፈጀው ሲታከልበት ጉዞው ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ይህም ሆኖ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ከመዋል በእጅጉ ይሻላል፤ በተለይ ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ ይዞ ለሚጓዝ።

ቲኬቱ ላይ 07:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የማለዳ በረራ ከሐረር በሌሊት ከመነሣት ይልቅ ድሬዳዋ ወርዶ ማደርን እመክራለሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሰሞን ደግሞ የደንገጎ መንገድ በተሳላሚዎች መኪና ስለሚጨናነቅ፣ በረራው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም እንኳ በዋዜማው መውረድ ይሻላል።