ቁጥሯና ክብደቷ፦ ወደ ቲልግማን ደሴት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን በአውራ ጎዳና 50 ወደ ምሥራቅ ስንነዳ ገና ጎሕ እየቀደደ ነበር። የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ የሚሻገረው ድልድይ 4.3 ማይል ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተው መሥመር ጎን ሁለተኛው በ1973 ተጨምሯል። የምንሄደው ቲልግማን ደሴት ላይ ለሽያጭ የቀረበች አንዲት ያገለገለች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ለማየት ነው። ጓደኛዬ መካኒክ ስለ ሆነ ሞተሩን እሱ፣ አካሏን እኔ ልንመረምር በመንገድ ላይ ተከፋፈልን።

ጀልባዋ ወደ 17 ጫማ የምትረዝም፣ ቦስተን ዌለር የሠራት ሞንቶክ ናት። ከጉዞው በፊት ስለ ሠሪዎቿ ሳነብ ሰንብቻለሁ። ድርጅቱን ማሳቹሴትስ ውስጥ ያቋቋመው ሪቻርድ ፊሸር ሲሆን፣ ባለ 13 ጫማዋ የመጀመሪያ ጀልባ ለገበያ የቀረበችው በ1958 ነው። ሥራው የተለየ የሆነው በውስጥና በውጭ የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል ፎም ተሞልቶ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ስለሚጠነክሩ ነው። በ1961 ላይፍ መጽሔት ባወጣቸው ፎቶግራፎች ላይ ፊሸር ውስጧ እንደ ተቀመጠ ጀልባዋ በመጋዝ ለሁለት ስትቆረጥና ግማሾቹ ሳይሰጥሙ ሲንሳፈፉ ይታያል። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ በ1989 ሪቦክ ገዛው፣ በ1996 ደግሞ የብረንስዊክ ሆነ። ስለዚህም ብዙ ገዢዎች ጀልባዋ በየትኛው ባለቤት ዘመን እንደ ተሠራች አጥብቀው ይጠይቃሉ። እኔም ስሄድ ዋና ጥያቄዬ እርሱ ነበር።

ሻጩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸርጣን ሲያጠምዱ የኖሩ አዛውንት ናቸው። በማስታወቂያው ላይ የ1990 ሥሪት ናት ብለው ነበር። ከሰላምታ በኋላ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ከጀልባዋ ጀርባ፣ ሞተሩ ከሚታሰርበት ግድግዳ በስተቀኝ ከላይ ጫፍ ላይ ያለውን የአካል መለያ ቁጥር በጨርቅ ጠረግሁት። አሜሪካ ውስጥ ከኅዳር 1972 መጀመሪያ ወዲህ የተሠራ ጀልባ ሁሉ እንዲህ ያለ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የሠሪውን ማንነት ይናገራሉ፤ የእኛዋ «ቢ ደብልዩ ሲ» ስለሚል የቦስተን ዌለር መሆኗ ተረጋገጠ። ቀጣዮቹ አምስቱ የጀልባዋ ተራ ቁጥር ናቸው። የመጨረሻዎቹ አራቱ «ኤች 687» ይላሉ። ከ1984 ወዲህ በሚሠራበት ሥርዓት ፊደሉ ወሩን ይገልጻል፤ ኤ ጥር ከሆነ ስምንተኛው ፊደል ኤች ነሐሴ ይሆናል። 6 የተሠራችበት 1986 ነው፣ 87 ደግሞ የሞዴሏ ዓመት። አዛውንቱ ወረቀቷን ከመኪናቸው አምጥተው ሲያዩ እርሱም 1987 ይላል። «1990 የሞተሩ ዓመት ነው፤ አንድ ላይ ስለ ገዛኋቸው አንድ ዕድሜ መስለውኝ ኖሩ» አሉ። ቅንነታቸው ደስ አለኝ። ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 የሮክፊሽን ማጥመድ ከልክላ ስለ ነበር፣ ጀልባዋ የተወለደችው ዛሬ የምንፈልጋት ዓሣ በተከለከለችበት ዘመን ነው።

ሞተሩ ብዙ አላስጨነቀንም፤ የሦስቱ ሲሊንደሮች ግፊት እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የኋላውን ግድግዳ ለመፈተን ጓደኛዬ ሞተሩን በከፊል አንሥቶ ታችኛው ክፍሉ ላይ በክብደቱ ሲጫን እኔ ከጎን ተመለከትሁ፤ ግድግዳው አልተለጠጠም፣ ስንጥቅም አላሳየም። ነገሩ የተበላሸው ወለሉን በፕላስቲክ መዶሻ እየመታሁ ስሄድ ነው። ከፊት በኩል ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ወደ መሐል ስደርስ ደነዘ። እዚያው አራት ያረጁ የብሎን ቀዳዳዎች አየሁ። ከአዛውንቱ በፊት ጀልባዋን የያዘ ሰው የዘንግ መያዣ ለማሰር በስቷቸው፣ በኋላም ያለ ማሸጊያ ትቷቸው ሄዷል። ሠሪዎቹ ብሎን መያዝ የሚችል እንጨት የቀበሩት በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሥፍራዎቹን የሚያሳይ ንድፍም አላቸው። ከእነዚያ ውጭ የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ለዝናብ ውሃ ወደ ፎሙ የተከፈተ በር ነው።

ልጅነቴን ያሳለፍሁት ባሕር ዳር ስለ ሆነ፣ በዚያች ቅጽበት የጣና ታንኳ ታወሰኝ። ከደንገል የምትታሰር ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስትከብድ ባለቤቷ ከሐይቁ ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣታል፤ ማርጀቷንም በሸክሟ ያውቃል። የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ታንኳን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው ሲመዝኗት አይቻለሁ። ይህችን ግን የሚያነሣት ሚዛን ብቻ ነው። ለአዛውንቱ ሐሳቤን ስነግራቸው ሳያቅማሙ በራሳቸው መኪና ጎትተው ኢስተን አጠገብ ወዳለ የእህል መረከቢያ ሚዛን ወሰዱን።

ስሌቱን ወረቀት ላይ አስቀድሜ ሠርቼ ነበር። ባዶ አካሏ ከ900 ፓውንድ ብዙም አይርቅም፤ ሞተሩ 300፣ ተጎታቹ 500፣ ቤንዚኑ 120፣ ባትሪውና ዕቃው 100 ያህል ናቸው። ሁሉም ተደምሮ ወደ 2,000 ቢጠጋ ነው። ሚዛኑ 2,440 አለ። 440 ፓውንድ ማለት 200 ኪሎ ያህል ውሃ ነው፤ ፎሙ ከገባበት በቀላሉ የማያወጣው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እየቀዘቀዘ ፎሙን ከሽፋኑ የሚያላቅቅ ውሃ። ከአርባ ዓመት በፊት በጥንቃቄ የተሠራ አካል በአራት ያልታሸጉ ቀዳዳዎች እንዲህ ሲጎዳ ማየት አሳዘነኝ። በየትኛው ባለቤት ዘመን ተሠራች የሚለው ጥያቄዬ መልስ አግኝቶ ነበር፤ ሪቦክ ከመግዛቱ በፊት ናት። መልሱ ግን ስለነዚያ ቀዳዳዎች የነገረኝ ነገር አልነበረም።

አዛውንቱ ዋጋውን በአንድ ሦስተኛ ሊቀንሱልኝ ፈቀዱ። ወለሉን ከፍቶ፣ የረጠበውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መሙላት እኔ ከማውቀው ሙያ በላይ መሆኑን ገልጬ በአክብሮት አልገዛም አልሁ። አልተቀየሙም። የቁጥሩን ትርጉም እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ በሚዛኑ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ኤች፣ 6 እና 87 ምን እንደሚሉ፣ ከሥራቸውም ሚዛኑ ያወጣውን ክብደት ጻፍሁላቸው። ለሚቀጥለው ገዢ አሳያለሁ ብለው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አኖሩት።