ለልቦለዴ ወኪል ያገኘሁበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ መጻሕፍት ያሳተመ፣ ጋሼ የምለው ደራሲ አለ። እዚህ አሜሪካ ለልቦለዴ ወኪል፣ ማለትም መጽሐፌን ለአሳታሚዎች አቅርባ የምትሸጥልኝ ሰው ማግኘቴን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስንት ከፈልሻት?" ብሎ ነው። እሱ የኖረበትን አሠራር ለሚያውቅ ጥያቄው አይገርምም። ደራሲው ረቂቁን ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ወጪውን ከኪሱ ይሸፍናል። ወመዘክር አዳራሽ ያስመርቃል። ከዚያ ከአከፋፋይ ጋር ሲከራከር ይከርማል። እዚህ ግን ወኪሌን ምንም አልከፈልኳትም። መጽሐፉ ሲሸጥ ከማገኘው 15 በመቶ ትወስዳለች። ለውጭ አገር አሳታሚ ከተሸጠ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ነው። ካልተሸጠ እሷም ምንም አታገኝም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አጥብቄ ነው የምናገረው። ረቂቃችሁን ለማንበብ ገንዘብ የሚጠይቅ ወኪል ካጋጠማችሁ እዚያው ተዉት። የአሜሪካ የደራሲ ወኪሎች ማኅበር የንባብ ክፍያን በሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል።

ለምን ወኪል ፈለግሽ የሚሉኝ አሉ። ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼት እና ማክሚላን የሚባሉት አምስቱ ትልልቅ አሳታሚዎች በአብዛኛው ከደራሲ በቀጥታ የሚመጣ ልቦለድ አይቀበሉም። ለትናንሾቹ በቀጥታ መላክ ይቻላል፤ በዚያ በኩል የወጣ ብዙ ጥሩ መጽሐፍም አለ። እኔ ግን ውል የሚደራደርልኝና የትኛው አርታኢ ምን እንደሚወድ የሚያውቅ ሰው እፈልግ ነበር።

በአማርኛ የጻፍኩትን ልልክ እችላለሁ ወይ የሚለው ሌላው የሚደጋገም ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ወኪል የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። የጀማሪ ልቦለድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልቆ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ናሙና ምዕራፍ ተርጉሞ መሞከር ብዙ አያስኬድም፤ መጽሐፉ በሙሉ መተርጎም አለበት። የእኔ ከመጀመሪያውም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለአዋቂ የሚጻፍ ልቦለድ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቃላት ቢሆን ይመረጣል፤ እኔም እዚያ መሃል ገብቼ ነው መላክ የጀመርኩት።

ወኪሎቹን ያገኘሁት በአብዛኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው። ከአዳዲስ ልቦለዶች መደርደሪያ ለእኔ ሥራ የሚቀርቡትን አወጣለሁ። ከዚያ በቀጥታ መጨረሻ ላይ ወዳለው የምስጋና ገጽ። ደራሲዎች ወኪላቸውን ሳያመሰግኑ አያልፉም። ስሟን እጽፋለሁ፣ ቤት ስገባ የምትሠራበትን ድርጅት ድረ ገጽ እከፍታለሁ፣ አሁን ረቂቅ ትቀበል እንደሆነ አያለሁ። ኩዌሪትራከርና ማኑስክሪፕት ዊሽ ሊስት የሚባሉ ድረ ገጾችም ረድተውኛል። የመጀመሪያው ማን እየተቀበለ እንደሆነና መልስ ምን ያህል እንደሚቆይ ያሳያል። ሁለተኛው ላይ ወኪሎች ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይጽፋሉ። ያም ሆኖ ከምስጋናው ገጽ የሚበልጥብኝ የለም። ሴትየዋ ምን እንደምትወድ ብቻ ሳይሆን ምን መሸጥ እንደቻለች ጭምር ይነግረኛል።

መጽሐፉን ለወኪሏ በሚያስተዋውቀው ደብዳቤ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፤ ሊጠፋም ይገባዋል። እኛ ያደግነው ማመልከቻ እየጻፍን ነው። "ለሚመለከተው ክፍል" ብለን ጀምረን፣ "እንዲተባበሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ" ብለን እንጨርሳለን። ይህ ደብዳቤ ግን ልመና የለበትም። በስሟ ትጠሯታላችሁ፣ ታሪኩን ታስጨብጧታላችሁ፣ ታበቃላችሁ። ሁሉም ከአንድ ገጽ፣ ማለትም ከ300 ቃላት ብዙም ማለፍ የለበትም።

የእኔ ደብዳቤ ዋና ክፍል በአማርኛ ሲነገር ይኸውላችሁ፦ አልማዝ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች። የምታስታምማቸው ሽማግሌ ሲሞቱ ቤታቸውን ለእሷ ተናዘውላት ተገኘ። ልጆቻቸው አታልላ ነው ብለው ከሰሷት። ፍርድ ቤት ቀርባ ብትሟገት ለዓመታት የደበቀችው የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ይወጣል። ብትተወው ደግሞ ደሴ ያለችውን ልጇን ማምጫ ብቸኛ መንገድ ይዘጋል።

አለቀ። ሰው አለ፣ የምትፈልገው ነገር አለ፣ የሚያግዳት አለ፣ የምታጣው አለ። አብዮቱ የለም፣ የስደት ታሪካችን የለም፣ ኢትዮጵያ የት እንደምትገኝ የሚያስረዳ አንቀጽ የለም። ከአገራችን የሚጽፉ ጓደኞቼ ረቂቅ ደብዳቤ ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው፤ ግማሹ የታሪክ ትምህርት ይሆናል። አንባቢዋ አገሪቱን የምታገኛት በአልማዝ በኩል ነው። አልማዝን ካልወደደች የአገሩ ታሪክ ብቻውን ገጽ አያስገልጣትም።

ከታሪኩ ቀጥሎ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ዘውጉና የቃላቱ ብዛት ይገባሉ። የእኛን የሚመስሉ ሁለት ማነጻጸሪያ መጻሕፍትም ይጠቀሳሉ። እነዚህ ባለፉት ሦስት እስከ አምስት ዓመታት የወጡ መሆን አለባቸው። የድሮ ታላላቅ ሥራዎችን መጥቀስ አይጠቅምም፤ ወኪሏ ማወቅ የምትፈልገው ዛሬ መጽሐፉን ማን እንደሚገዛ ነው። ደራሲው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ ማነጻጸሪያ አታድርጉት። እኔ አንዱን የመረጥኩት በቤተሰብና በውርስ ላይ ስለሚያጠነጥን ነው፤ ደራሲው ከአፍሪካ ጋር ምንም አይገናኝም። ስለ ራስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔም ይህንን የእንክብካቤ ሥራ ሠርቼ ስለማውቅ እሱን ጻፍኩ።

ከደብዳቤው ጋር አንዳንዶቹ ወኪሎች የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ ማጠቃለያም ይፈልጋሉ። ማጠቃለያው ውስጥ መጨረሻውን መደበቅ የለም፤ ለማን ተፈረደ፣ ማን ቤቱን ወሰደ፣ ሁሉም ይነገራል።

ደብዳቤውን የላክሁት በአንድ ዙር ከአምስት እስከ አስር ለሚሆኑ ወኪሎች እየከፋፈልኩ ነው። ሁሉም ገጽ ሳይጠይቁ እንቢ ካሉ ችግሩ ደብዳቤው ላይ ነው፤ ይስተካከልና ለቀጣዮቹ ይላካል። ሙሉውን ጠይቀው ከመለሱት ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የሆነ ቦታ ይላላል ማለት ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ላሉ ሁለት ወኪሎች በአንድ ጊዜ አይላክም። ብዙዎቹ ዝምታችን መልስ ነው ብለው ድረ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ዝምታው ያማል፣ ግን ስለ እናንተ ችሎታ የሚናገረው ነገር የለም።

በዚህ መሃል አንድ ቀን የታወቀ ድርጅት ስም የያዘ ኢሜይል መጣልኝ። ረቂቄን እንደወደዱት ይገልጽና ለአርትዖት ቀድሜ እንድከፍል ይጠይቃል። እኔ ለዚያ ድርጅት ምንም አልላክሁም ነበር። አድራሻው ሲታይ የድርጅቱ አልነበረም፤ ማንም የሚከፍተው ዓይነት ነው። በወኪሎች ስም የሚያጭበረብሩ እንዳሉ ራይተር ቢዌር ከሚባለው ድረ ገጽ ቀድሜ አንብቤ ነበር። ማንም ሳይፈልጋችሁ መጥቶ ካሞገሳችሁ አድራሻውን እዩ።

ሙሉውን ከጠየቁት አንዷ በመጨረሻ በስልክ እንነጋገር አለች። ያን ቀን ወረቀት ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ምን እንዲለወጥ ትፈልጊያለሽ? ለየትኞቹ አርታኢዎች ታሳዪዋለሽ? ይህ ባይሸጥ ለቀጣዩም ወኪሌ ትሆኛለሽ? የመጨረሻውን ጥያቄ ዋጋ ሰጥቼዋለሁ፤ አዎ ብላ ምክንያቷንም አብራራች። ወዲያው እሺ አላልኩም። ረቂቁ እጃቸው ላይ ላለ ሌሎች ወኪሎች "ወኪልሽ ልሁን" የሚል ጥያቄ እንደቀረበልኝ አሳውቄ ሁለት ሳምንት ሰጠሁ። ይህ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም።

ውሉን ሳልፈርም በፊት ሦስት ነገር ፈለግሁ። መቶኛው በግልጽ መጻፉን፣ አሳታሚው የሚከፍለው ገንዘብ ወደ ድርጅቱ ገብቶ በስንት ቀን ወደ እኔ እንደሚያልፍ፣ መለያየት ብንፈልግ በምን ያህል ቀን ማስጠንቀቂያ እንደምንለያይ። ኦተርስ ጊልድ የሚባለው የደራሲያን ማኅበር ለአባላቱ ውል ስለሚያነብ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው በጣም ይጠቅማል። የእኔ ላይ የክፍያው ቀን አልተጻፈም ነበር። ጠየቅሁ፣ በማግስቱ አስገብተው መለሱልኝ፣ ፈረምኩ።