ለአንድ መስመር ፓች ከርነል መገንባት

ላፕቶፕ ላይ የራስን ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያሠራውን የሊኑክስ እምብርት) ለመገንባት የሚያስገድደው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ኮድ ነው። አዲስ ማሽን ላይ ሊኑክስ ይጫናል፤ የጆሮ ማዳመጫው ይሠራል፣ ስፒከሩ ግን ጭጭ ይላል። የድምፅ ቺፑ ያው የሪልቴክ ቢሆንም፣ አምራቾች ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኙበት መንገድ እንደየሞዴሉ ይለያያል። ከርነሉ ልዩነቱን የሚያውቀው ከአንድ ረጅም ሠንጠረዥ ነው። የእናንተ ላፕቶፕ መለያ እዚያ ከሌለ በተለመደው መንገድ ይሞክርና በዚያው ይቀራል። ፓቹ፣ ማለትም ኮዱን የሚያስተካክለው ትንሽ ፋይል፣ የሚጨምረው ያንን የጎደለ መስመር ነው።

መለያውን «/ፕሮክ/አሳውንድ/ካርድ0/ኮዴክ#0» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ካርዱ 1 ሊሆንም ይችላል። «ሰብሲስተም አይዲ» ከሚለው ቀጥሎ ካሉት 8 አሃዞች የመጀመሪያዎቹ 4 አምራቹን ይነግራሉ፤ 1043 ኤሱስ፣ 1028 ዴል፣ 1025 ኤሰር ነው። የቀሩት 4 የሞዴሉ ናቸው። ድምፁን የሚያሠራው ሞጁል (ለብቻው የሚጫን የከርነሉ ክፍል) «ኤስኤንዲ-ኤችዲኤ-ኢንቴል» ከሆነ፣ መጀመሪያ «ሞዴል» በሚለው አማራጩ ተመሳሳይ ላፕቶፕ የሚጠቀምበትን ማስተካከያ ስም ሰጥታችሁ ሪስታርት አድርጉ። ስፒከሩ ከተናገረ እሰየው፣ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አያስፈልግም።

ካልሆነ የከርነሉን ሶርስ (የምንጭ ኮዱን) ከከርነል ዶት ኦርግ አውርዱና ፓቹን በ«ፓች -ፒ1 --ድራይ-ረን» ሞክሩት። ይህ ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ብቻ ያሳያል። «ኦፍሴት» ካለ መስመሩ ቦታ ቀይሯል ማለት ነው፤ አያስጨንቅም። «ፈዝ» ካለ በዙሪያው ያሉት መስመሮች በከፊል አልገጠሙምና ውጤቱን በዓይን አረጋግጡ። «ሀንክ 1 ፌይልድ» (የፓቹ 1ኛ ክፍል አልገባም) ሲል ብዙዎች ፓቹ ተበላሽቷል ብለው ይተዉታል። አልተበላሸም። ሠንጠረዡ በመለያ ቁጥር ቅደም ተከተል የተደረደረ ስለሆነ በየቨርዥኑ መሃሉ ላይ አዳዲስ ላፕቶፖች ይሰካሉ፤ ፓቹ እንደ ምልክት የያዛቸው ከላይና ከታች ያሉ 3 መስመሮች በዚህ ይቀየራሉ። መፍትሔው የፓቹን ፋይል ከፍቶ የመደመር ምልክት ያለበትን መስመር፣ ምልክቱን ትቶ፣ በቁጥሩ ተራ በእጅ ማስገባት ነው። ከ6.17 ጀምሮ ደግሞ የድምፁ ኮድ ከ«ሳውንድ/ፒሲአይ/ኤችዲኤ» ወደ «ሳውንድ/ኤችዲኤ» ስለተዛወረ የቆየ ፓች ፋይሉን ጭራሽ አያገኘውም። ያኔም ሥራው ያው ነው፤ ሠንጠረዡን በአዲሱ ቦታ ፈልጎ መስመሩን መጨመር።

«ሪቨርስድ ኦር ፕሪቪየስሊ አፕላይድ» ብሎ ከጠየቀ ፓቹ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። እሺ ብትሉት ያለውን ማስተካከያ ነቅሎ ያወጣዋል።

አሁን ኮንፊጉ፣ ማለትም ከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነው ፋይል፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። «/ቡት» ውስጥ ያለውን የዲስትሮውን (እንደ ኡቡንቱ ያለውን የሊኑክስ ስርጭታችሁን) ኮንፊግ «.ኮንፊግ» ብላችሁ ሶርሱ ውስጥ ቅዱና «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» በሉ። ቀጥሎ የሚመጣው «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» በዚያች ቅጽበት ያልተጫነውን ሞጁል ሁሉ ይጥለዋል። ግንባታውን በእጅጉ ያሳጥራል፣ ግን ያላየውን አያዝንለትም። ስለዚህ ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ፍላሹን፣ የኔትወርክ አስማሚውን፣ ውጫዊ ስክሪኑን ሰኩ፤ ካሜራውንና ቪፒኤኑን ክፈቱ። በተለይ ፍላሹን መሰካት ብቻ አይበቃም፣ ማውንት መሆን (ፋይሎቹ እንዲታዩ መከፈት) አለበት። አለዚያ የ«ቪፋት» (የፍላሹ ፋይል ስርዓት) ድራይቨር ኖሮ እንኳ የፊደል ሰንጠረዡ ሞጁል ይጣልና፣ ከሳምንት በኋላ ፍላሽ ስትሰኩ «አይኦ ቻርሴት አይኤስኦ8859-1 ኖት ፋውንድ» የሚል መልእክት ይጠብቃችኋል።

ኮንፊጉ የኡቡንቱ ወይም የዴቢያን ከሆነ ግንባታው «ኖ ሩል ቱ ሜክ ታርጌት» ብሎ በ«.ፔም» ፋይል ላይ ሊቆም ይችላል። ዲስትሮው የራሱን ሰርተፊኬት እየጠራ ነው፤ «ሲስተም_ትረስትድ_ኪስ» እና «ሲስተም_ሪቮኬሽን_ኪስ» የሚሉትን ባዶ አድርጉ። ዲበግ ኢንፎውንም (ስህተት ለመፈለግ የሚያገለግለውን መረጃ) አጥፉት፤ ዲስክ የሚበላው እሱ ነው። «ሎካልቨርዥን» ላይ የራሳችሁን ቅጥያ ጻፉ፣ አለዚያ ሞጁሎቹ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ከርነል ሞጁሎች ጋር ይደራረባሉ።

ሁሉንም ሞጁል ከርነሉ ውስጥ ልክተት የሚል ፈተና ይመጣል። ኤንቪኤምኢውንና (የዲስኩን ድራይቨር) ኤክስት4ን (የፋይል ስርዓቱን) ክተቱ፣ ይጠቅማል። ዋይፋዩንና ግራፊክሱን ግን ሞጁል አድርጋችሁ ተዉ። ፈርምዌራቸው (ቺፖቹ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) ዲስክ ላይ ስላለ፣ ከርነሉ ውስጥ ከገቡ ዲስኩ ሳይከፈት ፈርምዌር ይጠይቃሉ። የስህተት ቁጥሩ -2 ነው፤ ፋይሉ የለም ማለት ነው።

ኮምፓይሉ ራሱ ቀላል ነው፦ «ሜክ -ጄ8»፣ ቁጥሩ እንደ ፕሮሰሰራችሁ። ቻርጀር ላይ ይሁን፣ አልጋ ላይ አይሁን። መሃል ላይ «ኪልድ» ብሎ ከሞተ ራም አልቆ ነውና ቁጥሩን ቀንሱ፤ የተሠራው ስላለ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሲጫን «ሜክ ሞጁልስ_ኢንስቶል» ላይ «ኢንስቶል_ሞድ_ስትሪፕ=1» ጨምሩ። ዲበግ መረጃ የተሸከሙ ሞጁሎች ኢኒትራምኤፍኤሱን (ዲስኩ እስኪከፈት ከርነሉ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ የፋይል ጥቅል) አሳብጠው ትንሽ የ«/ቡት» ክፍልፍልን ይሞሉታል። ከዚያ «ሜክ ኢንስቶል»። ሪስታርት ስታደርጉ «ባድ ሺም ሲግኔቸር» ካለ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ፊርማ የሚያረጋግጠው ጥበቃ) ያልተፈረመ ከርነል አላስገባም ብሏል፤ በ«ኤስቢሳይን» ፈርማችሁ ቁልፉን በ«ሞክዩቲል» አስመዝግቡ። «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት» ካለ ደግሞ የዲስኩ ድራይቨር ወይም ኢኒትራምኤፍኤሱ ጎድሏል። ከሁለቱ አንዱ ሲያጋጥም ከግራብ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነል ከሚመረጥበት ፕሮግራም) ሜኑ የዲስትሮውን ከርነል መርጣችሁ ግቡ፤ ስለዚህ እሱን አታጥፉት።

አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ፓቹን በድራይ-ረን ሞክሩት። «ፕሪቪየስሊ አፕላይድ» ያለ ዕለት መስመሩ ዋናው ከርነል ውስጥ ገብቷል። ዲስትሮው ያንን ቨርዥን ሲያመጣ የራሳችሁን ከርነል ከ«/ቡት»፣ ሞጁሎቹን ከ«/ሊብ/ሞጁልስ» አጥፉና ግራብን አድሱ።