የግዥ ክፍሉ ኢሜይል

"ልጄ፣ የእኔን ደብዳቤ ስፓም ያለው ማን ነው?"

የግዥ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ለመላው መሥሪያ ቤት አንድ የጋራ የስፓም (የማይፈለግ ኢሜይል) ማጣሪያ ካስጀመርን ወዲህ የአቅራቢዎቻቸው መልስ ጠፍቶባቸዋል። ስፓም ፎልደራቸውን ከፍተን አብረን አየን። "አስቸኳይ የዋጋ ማቅረቢያ!" "ልዩ ቅናሽ!" "ዛሬውኑ ይመልሱ!" ከዱባይ፣ ከጓንግዡ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልከፍተውም ነበር። እሳቸው ግን ከመካከሉ አንዱን በጣታቸው ነክተው "ይኸው! የጄኔሬተሩ ዋጋ" አሉ።

ማጣሪያችን ስፓምአሳሲን የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሰው ስፓም ወይም ደህና ብሎ ከሚያሳየው መልእክትም ይማራል። የሚማረው የፕሮግራሙ ክፍል ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ደህና መልእክት ካላየ የስፓምነት ነጥብ መስጠት አይጀምርም። ለአንድ ሠራተኛ ይህን ማሟላት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ሁሉም ወደ አንድ መዝገብ ሲያዋጣ ግን ቶሎ ይሞላል። የጋራ ያደረግነውም ለዚህ ነበር። ችግሩ፣ ሒሳብ ክፍል ያሉት ልጆች "ቅናሽ" የሚል ባዩ ቁጥር ስፓም ብለው ይጫናሉ። እነሱ ብዙ ናቸው፣ እሳቸው አንድ። በጋራ መዝገብ ደግሞ ብዙ የተጫነው ያሸንፋል።

አሁን ለግዥ ክፍሉ የራሱን መዝገብ ለየንለት። የታወቁ አቅራቢዎችን አድራሻም፣ መልእክታቸው እንዲያልፍ፣ በነጭ መዝገብ አስገባን። የታወቁ አጭበርባሪ ሰርቨሮች እገዳ ግን ለሁሉም እንዳለ ነው፤ እሱ ላይ ድርድር የለም።

ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው "ታዲያ ሎተሪ ደርሶሻል የሚለኝን ሰውዬ ለምን አሳለፋችሁት?" አሉኝ።

ነጥቡን አየሁት። 4.8። ገደቡ 5 ነው።