ስልኩን ከመክፈታችን በፊት

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ስልክ የፈቀድኩበት የመጀመሪያው ቀን ግን ምንም አላስተማርኩም።

ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፌት ላይ የፔንዱለሙን (በክር ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር) ሲሙሌሽን እንዲከፍት ነገርኩ። ፌት የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ነፃ የሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ አስመስለው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች፣ ስብስብ ነው፤ በጣም ነው የምወደው። ኔትወርኩ ግን ለሁሉም እኩል አልመጣም። የተከፈተላቸው በጣታቸው ማወዛወዝ ያዙ። ስልክ የሌላቸው አንገታቸውን አስግገው ከጎን ያያሉ። ሊደወል ሲል "ምን አያችሁ?" አልኩ። "ሲወዛወዝ" ተባልኩ።

ያ መልስ ሲከነክነኝ አደረ። ልጆቹ አላጠፉም። ጥያቄ ሳልሰጣቸው ነው መልስ የጠበቅኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲሙሌሽኑን ቀድሜ አውርጄ አጋራኋቸው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለ3 ተማሪ 1 ስልክ፣ በየተራ። ስልክ ከመነካቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ግምቱን ከነምክንያቱ በእስክሪብቶ ጻፈ፦ የተንጠለጠለው ነገር ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ደርሶ መልሱ ይፈጥናል፣ ይዘገያል ወይስ አይለወጥም? አብዛኞቹ "ይፈጥናል" አሉ።

ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም። አንዷ ተማሪ "ስልኩ ተሳስቷል" አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ክርና ድንጋይ አመጣን። በስልኩ ስቶፕዎች 10 ደርሶ መልስ ለክተን ለ10 አካፈልን፤ ከጣታችን መዘግየት የሚመጣው ስህተት እንዲያንስ ነው። 1 ሜትር ክር 2 ሰከንድ አካባቢ ሰጠን። ትልቁ ድንጋይ ግን ትንሽ ዘገየ! ክፍሉ ተንጫጫ። ምክንያቱን ያገኘው ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነው። ርዝመቱን የለካነው እስከ ቋጠሮው ነበር፤ መለካት ያለበት ግን እስከ ድንጋዩ መሐል ነው። የትልቁ ድንጋይ መሐል ዝቅ ስለሚል ፔንዱለሙ ሳናውቀው ረዝሟል። አስተካክለን ስንለካ ልዩነቱ ጠፋ።

ይህን ክርክር ስክሪኑ ብቻውን አያመጣልንም ነበር። አሁን ማስታወሻ የሚያዘው በደብተር ነው፤ እኔ ሳስረዳ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ይህችን ትንሽ ሕግ ካወጣሁ ወዲህ ጭቅጭቅ ቀረልኝ።

"ስልኩ ተሳስቷል" ያለችው ልጅ ዛሬ ጥያቄ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ባለፈው "2 ሰከንዱ 4 እንዲሆን ክሩ ስንት ይሁን?" አለች። ጓደኞቿ 2 ሜትር ብለው ጻፉ። ስልኩ 4 ሜትር አለ። አላመኑም። የክፍሉ ጣሪያ ስለማይበቃን ክሩን ይዘን ወደ ደረጃው ወጣን።