ጉበቱ ደህና ነው፤ ታፋውን ጠይቁት

እናትየው ወረቀቱን ከፌስታል አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ጉበቱ ተጎድቷል አሉኝ። መጠጥ እኮ በአፉ ዞሮ አያውቅም! ከየት መጣበት?» ልጁ ከኋላቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወንበር ስሰጠው እንቢ አለ።

ወረቀቱ ላይ ኤኤስቲ 1,140፣ ኤኤልቲ 310 ይላል። ሕዋስ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱ፣ በተለምዶ ለጉበት ምርመራ የሚታዩ ኢንዛይሞች ናቸው። ሁለቱም ቢበዛ 40 አካባቢ መሆን ነበረባቸው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተሠርተው ኔጌቲቭ ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ጉዳዩ ተወስኖ አልቋል። ቅባት ተከልክሏል፣ ሥጋ ተከልክሏል፣ አንዲት ጎረቤት ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ሰንሰል ይዛ መጥታለች። የልጁ ዓይን ግን ነጭ ነው። ቢጫ የሚባል ነገር የለበትም።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ለበሽታ ስም አላወጣም። የቁጥሮቹ አሰላለፍ ግን ያናግረኛል። በቫይረስ የተጎዳ ጉበት ብዙ ጊዜ ኤኤልቲን ነው የሚያስቀድመው። መጠጥ የጎዳው ጉበት ኤኤስቲን ያስቀድማል፤ ግን ከጥቂት መቶ አልፎ ሺህ ቤት የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። እዚህ ኤኤስቲ የኤኤልቲን አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። መጠጥ ደግሞ የለም።

«ሰሞኑን ከባድ ነገር ሠርተሃል እንዴ?» አልኩት።

ሳቅ አለ። ለካስ ጂም ገብቷል። ገና በመጀመሪያው ቀን ከጓደኛው ጋር በስኳት ተወራርደው፣ እልህ ተጋብተው፣ እግራቸው እስኪከዳቸው ሠርተዋል። በማግስቱ ከታክሲ መውረድ አቃተው። ታፋው አበጠ። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ተወጋ። ይሄኔ እናትየው ጣልቃ ገቡ፤ «ሽንቱም ኮካ መስሏል፤ እሱን ደብቆኝ ነበር።»

ሽንቱን ሰጠን። የሽንት መመርመሪያውን ቁራጭ፣ ስትሪፑን ስነክረው የደም ምልክቱ ወዲያው ጠቆረ፤ ሦስት ፕላስ። ማይክሮስኮፕ ሥር ግን ቀይ የደም ሕዋስ ፈልጌ አጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሪፑ የሚያየው ሄም የሚባለውን፣ ብረት ያለበትን ክፍል ነው። ሄም በደሙ ሄሞግሎቢን ውስጥም በጡንቻው ማዮግሎቢን ውስጥም አለ። ስትሪፑ ሁለቱን አይለይም።

እዚህ ላይ የሚረዳው ሲረሙ ነው፤ ደሙ ረግቶ ሕዋሳቱ ሲለዩ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ። ቱቦው ከሴንትሪፊውጅ ሲወጣ ወደ መብራት አነሳሁት። ጥርት ያለ ቢጫ። ቀይ የደም ሕዋስ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ሲረሙ ራሱ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆን ነበር። ማዮግሎቢን ግን ትንሽ ስለሆነ ኩላሊት ቶሎ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሲረሙ ጥርት እንዳለ ሽንቱ ይጠቁራል። በነገራችን ላይ፣ ቱቦውን ቀና አድርጋችሁ እዩ እያልኩ አዳዲስ ባልደረቦቼን ሁሌም እጨቀጭቃለሁ። ሲቀዳ የፈረሰ ደምም ኤኤስቲንና ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል።

እናትየውን አስፈቅጄ ሲኬ ጨመርኩ። ሲኬ በብዛት ጡንቻ ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ 200 ቢደርስ ነው። ማሽኑ ከምለካው በላይ ነው ብሎ ምልክት አወጣ። ሲረሙን በሴላይን፣ በጨው ውሃ አቅጥነን ደገምነው። 62,000! ጂጂቲ የሚባለው የጉበትና የሐሞት ቱቦ ኢንዛይም ግን 22፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን 0.7። ሁለቱም ደህና። ኩላሊት ሲደክም የሚጨምረው ክሬአቲኒን 1.9፣ ፖታሲየም 5.6፤ እነዚህ ደህና አይደሉም።

ራብዶማዮላይሲስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሐኪሞች ሲያሳጥሩት ራብዶ ይሉታል። ጡንቻ ሲፈርስ ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ደም ይፈሳል። ሲኬ፣ ማዮግሎቢን፣ ፖታሲየም፣ ኤኤስቲ፣ አነስ ባለ መጠን ኤኤልቲም። እኛ ኤኤስቲን ከጉበት ተርታ እናትመዋለን እንጂ በጡንቻም በልብም ሞልቷል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1954 መጀመሪያ የታወቀው በልብ ድካም ሳይሆን በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ሃርት አታክ በምንለው ምርመራ ነው። ጂጂቲ ግን ከጡንቻ አይመጣም። ኤኤስቲ ሰማይ ነክቶ ጂጂቲ ዝም ካለ፣ ዓይኔን ከጉበት ላይ አነሳለሁ።

ያስጨነቀኝ ግን ኩላሊቱ ነው። ማዮግሎቢን የኩላሊትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዳል፣ ይዘጋልም። እ.ኤ.አ. በ1941 ባይዎተርስና ቢል የሚባሉ ሐኪሞች በለንደን የቦምብ ድብደባ ፍርስራሽ የተጫናቸውን ሰዎች ታሪክ ጽፈው ነበር። ከፍርስራሹ በሕይወት ወጥተው ከቀናት በኋላ በኩላሊት ችግር የሞቱ ናቸው። የኛ ልጅ ኮንክሪት አልወደቀበትም፤ ኩላሊቱን የሚያገኘው ነገር ግን ያው ነው። ላዩ ላይ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል፤ እሱም ለብቻው ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ቅባት ሲከለከል፣ ሰንሰል ሲቀጠቀጥ የሚያልፈው ጊዜ ከኩላሊቱ ዕድሜ የሚቀነስ ነው። ወረቀቱ ላይ ስልክ ቁጥሩ የነበረው ሐኪም ጋ ደወልኩ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ» አለኝ።

ገባ። ሰው ሁሉ «ግሉኮስ» የሚለው ተሰካለት፤ ይኼኛው ግን ሴላይን ነው። ሽንቱ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር እንዲወርድ ነው የሚፈለገው። ሲኬው በየቀኑ በግማሽ ገደማ እየወረደ ሄደ፤ ኤኤስቲውም ተከተለው። በስድስተኛው ቀን ኤኤስቲ 95፣ ኤኤልቲ 160 ሆነ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። አሁን ኤኤልቲ በልጧል። ያን ቀን ብቻ ያየው ሐኪም ቢኖር «ይኼማ ጉበት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን ኤኤስቲ ደም ውስጥ በ17 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ኤኤልቲ ወደ 47 ሰዓት ይፈጅበታል። ኤኤልቲ ከደም የሚጠፋው ዘግይቶ ስለሆነ ነው ከኤኤስቲ በልጦ የቀረው። ለዚህ ነው ቀኑን ያልያዘ ውጤት ግማሽ ውጤት ነው የምለው። መቼ ታመመ? ደሙ መቼ ተቀዳ?

ሁሌም ጡንቻ ነው ማለቴ አይደለም። ፀሐይ የመታው፣ ወይም መድኃኒት ከልክ በላይ ወስዶ ራሱን ስቶ ለሰዓታት የወደቀ ሰው ጡንቻውም ጉበቱም አብረው ሊጎዱ ይችላሉ። ቢሊሩቢን ከፍ ካለ፣ ወይም ደም የመርጋት ምርመራው፣ አይኤንአሩ ከተበላሸ፣ ሲኬ ስለጨመረ ብቻ ጉበትን መርሳት አይቻልም።

በሌላ በኩል ያለሕመም የሚጨምርም አለ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ላይ ክብደት ማንሳት ያለመዱ 15 ጤነኛ ወንዶች ለአንድ ሰዓት ብቻ አነሱ። ኤኤስቲና ኤኤልቲያቸው ቢያንስ ለሳምንት ከፍ እንዳለ ቆየ። ጂጂቲና ቢሊሩቢን አልተነቃነቁም። ሕፃናት ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ከመሬት ለመነሳት ታፋውን በእጁ እየተደገፈ የሚቸገር ወንድ ልጅ ለወራት «ጉበት» ተብሎ ሲመላለስ ከከረመ፣ እባካችሁ ሲኬ ይታይለት። የጡንቻ መክሳት በሽታ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ሲኬ ሁሉም ቦታ አይሠራም። የጉበቱ ፓኬጅ ግን ትንሽ ክሊኒክም አለው። ሲኬ በሌለበት የሽንቱ ስትሪፕና ማይክሮስኮፑ ብዙ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

ይህን ልጽፍ የተነሳሁት ግን በሌላ ልጅ ነው። ወደ አረብ አገር ለመሄድ ሜዲካል ሊያደርግ መጣ። ኤኤስቲው 92፣ ኤኤልቲው 51። «አንፊት ሆንኩ ማለት ነው?» ብሎ ፊቱ ተለዋወጠ። መዳፉን አየሁት፤ ሲሚንቶ እንደነጣበት ነው። የጉዞውን ወጪ ለመሸፈን ሳምንቱን ሙሉ ከመኪና ሲሚንቶ ሲያወርድ ከርሟል፤ ከዋዜማው ሌሊት ጭምር። ሲኬው 1,900 ሆኖ ተገኘ፤ ጂጂቲው ደህና ነው። ለሐኪሙ ተነገረው፤ እሱም ውሃ እየጠጣ ሳምንት ያህል ሸክም እንዲተው አዘዘውና እንደገና ቀጠረው። ልጁ «የሳምንቱን ገቢስ ማን ይሰጠኛል?» አለ፤ ልክ ነው፣ መልስ አልነበረኝም። ግን አረፈ። ሲመለስ ኤኤስቲው 31 ነበር።